«አውልቅ!» የሚሉት ዶክተር ዊልክ

የአንድ ሰው ሕይወት፣ ትርፍ ትርፉ ተገፍፎ ሲያልቅ፣ ምን ያህል ነው? በወጣትነቴ ከመጻሕፍት፣ በጉልምስናዬ ከሕሙማን፣ አሁን በእርጅናዬ ደግሞ ከመስኮቴ ውጭ ከሚወርደው በረዶ ጋር ስሟገትበት ኖሬአለሁ። የብዙዎቻችን መልስ ረጅምና አሰልቺ ነው። የዶክተር በርናዴት ዊልክ ግን አንዲት ቃል ናት፦ «አውልቅ!»

ሙያው ከሥራ ልብሱ ጋር የማይወልቅለት ሰው በየከተማው አለ። ለቅሶ ላይ የኮትህን ስፌት የሚዳብስ ልብስ ሰፊ፣ ሠርግ ላይ የጣሪያውን ስንጥቅ የሚቆጥር ግንበኛ ታውቃላችሁ። ከዶክተር ዊልክ ጋር ሲነጻጸሩ እነዚህ ጀማሪዎች ናቸው። የእግር ሐኪሟ፣ የሚልዋኪ ከተማዋ እመቤት፣ የእግር ጣቶች ጠበቃ፣ የሹል ጫማ ባላንጣ፣ ሰውን የሚያነቡት ከታች ወደ ላይ ነበር፤ ፊቱ ላይ የሚደርሱት ጊዜ ከተረፋቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን አንገታቸውን ደፍተው ያየ ሁሉ በትሕትናቸው ይቀናል። ጫማ እያዩ ነው። ዓርብ ዓርብ የተጠበሰ ዓሣ በሚበላበት አዳራሽ ሹካቸው ያለ ምክንያት አይወድቅም፤ ከጠረጴዛ ሥር ገብተው የጎረቤታቸውን ቁርጭምጭሚት መርምረው ይወጣሉ። የእህታቸው ልጅ ስትዳር ሙሽሪትን በካልሲ አስጨፍረዋታል።

አንድ ቀን በፍጥነት ሲነዱ ፖሊስ አስቆማቸው። መንጃ ፈቃድ ሲጠይቃቸው አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ወደ ታች አዩ።

«ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ፣ የመጀመሪያዋ እርምጃ ተረከዝህን እንደ ምስማር ትወጋሃለች፤ አይደል?»

«ማን ነገረዎት?»

«አቋቋምህ። በል አውልቅ።»

በዚያ ያለፈ መንገደኛ ሁሉ ያየው፣ አንድ ግዙፍ ፖሊስ በካልሲው ቆሞ፣ የመኪናቸውን ጣሪያ በሁለት እጁ ገፍቶ ባቱን ሲያፍታታ ነው። ቅጣቱ ተረሳ።

እኔ እጃቸው የገባሁት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። በእኛ ሙያ ተማሪ ወር ወር እየተቀበለ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይዞራል። ስሙ ልምምድ ነው፤ ነገሩ ግን ለትዳር መታየት ነው። ለእግር ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ማንን እንደሚወስዱ የሚወስኑት በዚያ ወር ባዩት ነውና፣ ያልተመረጠ ተማሪ የዓመታት ድካሙ ሜዳ ላይ ይቀራል። የዶክተር ዊልክን ቤት የሚመኝ ብዙ ነበር። ስለዚህ እኔ ኤልደን ቶርስቢ፣ የወተት ላም አርቢ ልጅ፣ አምሬ ለመታየት ብዬ ጥቁር፣ ጠባብ፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ ገዛሁ።

ሳምንት ሳይሞላኝ ተረከዜ ተላጠ። እስቲ አስቡት፤ የእግር ሐኪም ሊሆን የመጣ ሰው፣ የእግር ሐኪም በሞላበት ኮሪደር ማንከሱን ሊደብቅ ሲፍጨረጨር! ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ፕሩዊት የሚባል፣ ባየኝ ቁጥር «ቶርስቢ፣ የምትጨፍረው ዋልዝ ነው ወይስ ፖልካ?» ይለኛል።

«የድሮ የኳስ ጉዳት ነው» እላለሁ።

ዶክተር ዊልክ ግን ጫማዬን አይተው ያልፋሉ። እይታቸው ከተረከዜ ይብስ ነበር።

ከዚያ ሚስተር ሃስኪንስ መጡ፤ የቢራ ፋብሪካ ጡረተኛ፣ የስኳር ሕመምተኛ። ሚስታቸው ካልሲያቸው ላይ ደም አይታ ጎትታ አመጣቻቸው እንጂ በፈቃዳቸው አልመጡም።

«አላወልቅም!» አሉ። «ወንድሜም 'ትንሽ እንየው' ተብሎ ነው በአንድ እግሩ የተመለሰው። ፕሬዚዳንቱ ቢመጣ አላወልቅም!»

ዶክተር ዊልክ አልተከራከሩም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ቶርስቢ፣ አውልቅ።»

«እኔ?»

«ሌላ ቶርስቢ ደብቀሃል?»

የሥልጠና ቦታዬ ከጫማዬ ጋር አብሮ ሲወልቅ ታየኝ። ግን አወለቅሁ። ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሚስተር ሃስኪንስ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ውይ ውይ! አንተ ልጅ፣ ይህን ይዘህ ነው ስትንጎራደድ የዋልከው? ያማል?»

«ነፍሴ እስክትወጣ፣ ጌታዬ።»

«ሞኝ! እኔን እኮ ምንም...» ብለው ጀመሩና አቆሙ። «እኔን ምንም አያመኝም።» ሲጀምሩት ፉከራ ነበር፤ ሲጨርሱት ድምፃቸው ወርዷል።

«እኔንም የሚያስፈራኝ እሱ ነው» አሉ ዶክተር ዊልክ በቀስታ።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ራሳቸው ፈቱ። ከጫማው ውስጥ የልጅ ልጃቸው መጫወቻ መኪና ጎማ ዱብ አለች። ስንት ጊዜ እንደተራመዱባት እግዚአብሔር ይወቅ፤ ስኳሩ ያደነዘዘው እግራቸው አልነገራቸውም። በማግሥቱ ቀዶ ሕክምናው ሲደረግ ቁስሉን ገልጬ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አንዲት ጣት ሄደች፤ እግሩ ተረፈ።

ጫማዬን ባወለቅሁበት ቀን፣ ሚስተር ሃስኪንስ ከወጡ በኋላ፣ ዶክተር ዊልክ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው ተረከዜን በገዛ እጃቸው አጠቡ።

«ለዚህ ቁስል አመስግን» አሉኝ። «ሕመም ክፉ ጎረቤት አይምሰልህ። ቤትህ ሲቃጠል በርህን የሚደበድበው እሱ ነው። የሃስኪንስ ጎረቤት ቤቱን ለቆ ሄዷል።»

ብዙ ፍልስፍና አንብቤአለሁ፤ ስለ ሕመም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

«ታዲያ የእኔ ነገር...?» አልኩ።

«ሕመሙን የሚደብቅ ሐኪም አልወድም። ሕመምተኛ ፊት የሚያወልቅ ግን እፈልጋለሁ። አሁን ሂድና እንደ ሰው ሰፊ ጫማ ግዛ።»

ቦታውን አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ በእጄ አልፎ በራሱ ቆሞ የሄደ እግር ሁሉ የእሳቸው ነው እላለሁ፤ እሳቸው ግን ይህን ስነግራቸው ጫማዬን ነበር የሚያዩት።

ባለፈው ጥር፣ በረዶው ጉልበት ሲደርስ፣ አረፉ። በካልሲ የጨፈረችው የእህታቸው ልጅ ለተማሪዎቻቸው ሁሉ ደውላ ቀብሩን ከነኑዛዜያቸው ነገረችን። ከየአገሩ መጣን፤ ፀጉራችን የሸበተ፣ እጃችን የሚንቀጠቀጥ የእግር ሐኪሞች። እሳቸው ፊት ደግሞ እንዴት ሳያምሩ ይቀርባል? አስከሬኑን ተከትለን የመቃብሩን አቀበት ስንወጣ ሁላችንም እናነክስ ነበር። ፕሩዊት ክንዴ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ዋልዝ ነው ወይስ ፖልካ?» አልኩት በሹክሹክታ።

ሳቀና ዕንባውን ጠረገ። ሁለታችንም ወደ ታች አየን። ጥቁር፣ ጠባብ፣ የሚያብረቀርቅ። ወደ ኋላም ዞረን አየን፤ ሰልፉ በሙሉ እንደዚያው ነው፤ የእህታቸው ልጅ እንኳ በረዶው ላይ ባለ ተረከዝ ጫማ አድርጋለች። ዶክተር ዊልክ በኑዛዜያቸው የለመኑን ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስትቀብሩኝ ሰፊ ጫማ አድርጋችሁ ኑ።»