የሻንሲው ዋስ

ትናንት በቀትር እንዳላማው ሕልም አየ። ሌሊት ያየው ቢሆን ኖሮ «የራት ጥጋብ ነው» ብሎ በተወው። ያየው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ መኪናው ሆድ ስር ካርቶን አንጥፎ፣ ጥቁር ቀለም የተነከረ ብሩሽ በእጁ እንደያዘ ነው። እኔም እንደነገረኝ እነግራችኋለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም።

መኪና ስላችሁ ዝም ብሎ መኪና እንዳይመስላችሁ። ቤቱ ነው። የአዲስ አበባው ቤታቸው ለመንገድ ሥራ ሲፈርስ እሱና ሚስቱ ትርንጎ በካሳው አዲስ የጭነት መኪና ሻንሲ፣ ገና አካል ያልተሠራበት የብረት አጽሙን፣ ገዙ፤ ላዩ ላይ አልጋና ምድጃ፣ መስኮትና መጋረጃ ያለው ቤት አሠሩበት። እንዳላማው የቤተ ክርስቲያን ጥላ ጠጋኝ ነው፤ ዘርፉን የምትሰፋው ትርንጎ ናት። ከንግሥ ወደ ንግሥ ቤታቸውን እየነዱ ይዞራሉ። ሌላ ማደሪያ የላቸውም፤ ልጅም አልሰጣቸው።

ሻንሲውን የሸጠላቸው ድርጅት በወረቀት ዋስ ሆኖላቸው ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ብረቱ ቢዝግ በአዲስ ይለወጣል፤ ጨዋማ ውሃ የነካው እንደሆነ ግን ዋስትናው ፈራሽ ነው ይላል። አምስት ዓመቱ የሚሞላው ትናንት፣ በሃያ ሁለት ነበር። የድርጅቱ መርማሪም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሎ ቀጥሯቸዋል። ሻንሲው ደግሞ ዝጓል። መዛግ ብቻ! በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ካልተለወጠ አንድ ቀን ዳገት ላይ ቤታቸው ለሁለት ይከፈላል።

ለምን እንደዛገ የሚያውቀው እንዳላማው ብቻ ነው። ቁልፉን የተረከቡት በኡራኤል ቀን ነበርና ትርንጎ ያን ዕለት እዚያው ግቢ ውስጥ ቆማ ተሳለች። «ሰው ለአምስት ዓመት ዋስ ከሆነን እኔም አምስት ዓመት ላመስግን፤ ኡራኤል ሆይ፣ ይህችን ቤት በየወሩ በቀንህ በጠበልህ አጥባታለሁ» አለች። ጠበሉ ቆላ ውስጥ ከፍል ውሃ የሚፈልቅ ነው፤ ሲቀምሱት ጨው ጨው ይላል። የትም ቢሄዱ ከአልጋው ስር ሦስት ጄሪካን ጠበል አይጠፋም። ትርንጎ በወሩ በሃያ ሁለት በጉልበቷ እየዳኸች ከመኪናው ስር ትገባለች፤ ብረቱን አንድ በአንድ፣ የባሏን ስም እየጠራች፣ እየጸለየች ታጥበዋለች።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ በያጅ ሻንሲውን አይቶ «ጋሼ፣ ይሄን ብረት እኮ ጨው ነው የበላው፤ በምንድን ነው የምታጥቡት?» አለው። እንዳላማው «ዝናብ ነው» ብሎት ሄደ። ለትርንጎ አልነገራትም። እንዴት አድርጎ ይንገራት? ቤታችንን የበላው ስለትሽ ነው ይበላት? ዝም አይነቅዝም ብሎ ሆድ ይፍጀው አለ። በየወሩ ግን ጄሪካኑን ስታነሣ ባየ ቁጥር ፊቱን ያዞር ነበር።

ትናንት እሷ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ አንድ ጣሳ ቀለም ገዛ። ዝገቱን በጥቁር ቀለም ሊሸፍን፣ መርማሪው ሲጠይቀው ደግሞ «ከቧንቧ ውሃ በቀር ነክቶት አያውቅም» ሊል ነበር ሐሳቡ። ሦስት ብረት ቀብቶ አራተኛው ላይ ሲደርስ እንቅልፍ ጣለው።

ቀና ሲል ሰማዩን ከእግሩ በታች አገኘው። ዝናቡ ከመሬት ወደ ላይ ይዘንባል። ሰዉ ሁሉ ጥላውን ዘቅዝቆ ውስጡ ቆሟል። አንድ ቄስ ጥላቸው ተቀዶ ውሃ ሲያስገባባቸው አየና መርፌውን አውጥቶ ሊጠግንላቸው ጠጋ አለ።

«ተው ልጄ» አሉት ቄሱ። «በዚህ አገር ጥላው ነው ሰውን የሚጠግነው። ቆይ፣ ተራህ ይደርሳል።»

ወዲያው ቢሮ ውስጥ ሆነ። መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው እሱ ነው። ውጭ የተሰለፉት የድርጅቱ ሰዎች ናቸው፤ ሥራ አስኪያጁ ከፊት፣ ዘበኛው ከመጨረሻ፣ ሁሉም የተራ ቁጥር ጨብጠዋል።

«ጌታዬ፣ የዛሬ ሳምንት ተመለስ ብለውኝ ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ ኮፍያውን አውልቆ።

«ማን? እኔ?»

«እርስዎ ነዎት። ከዚያ በፊት ደግሞ ማኅተም የሚይዘው ሰው ለቅሶ ሄዷል አሉኝ።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«አቤቱታዎን እንዲያቀርቡልን ነው። እባክዎ፣ የልጆች አባት ነኝ።»

እንዳላማው አዘነለት። እሱ ራሱ ስንት መስኮት ላይ እንዲህ ቆሟል! አቤቱታውን ሊያቀርብለት አፉን ሲከፍት ግን መስኮቱ «ምሳ ሰዓት ነው» ብሎ ራሱን ዘጋ።

ሰልፉም መኪኖች የሚጠመቁበት ጠበል ቦታ ደረሰ። በዚያ አገር የመኪና ዝገት ማዕረግ ነው። ብረታቸው የተበሳሳ አሮጌ መኪኖች ከፊት ተቀምጠው ይመርቃሉ፤ የሚያብረቀርቁት ከኋላ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። አንዲት ነጭ መኪና ፊቷን በዝናብ መጥረጊያዋ እየጠረገች ታለቅስ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት እንዳላማው።

«ከተወለድኩ አሥራ ዘጠኝ ቀኔ ነው» አለችው። «አንዲት ነጥብ እንኳ ዝገት አልወጣልኝም። ማን ያገባኛል?»

«አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» አላት፤ ሌላ ምን ይበላት?

ይህን ጊዜ ከኋላው አንድ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር ሲል ሻንሲው ነው። በኋላ እግሮቹ ቆሞ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ ምርኩዝ ይዟል። እንዳላማው በድምፁ አወቀው፤ አምስት ዓመት ሙሉ ከአልጋው ስር ሲያቃስት የሰማው ድምፅ ነው።

«ቀጠሮህ ደርሷል፣ ተነሥ» አለው ሻንሲው። ጆሮውን እንደ ቁልፍ ጠመዘዘው። እንዳላማው ተንቀጠቀጠና ተነሣ፤ ሻንሲውም እየነዳ ጋራዥ ውስጥ አስገባው።

ጋራዡ ችሎት ነው። ዳኛው ያ በያጅ ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። እንዳላማውን በክሪክ አነሡት። ከስሩ አምፖል አበሩበት። የጠገነላቸው ሰዎች ሁሉ ጥላቸውን ይዘው ዙሪያውን ከበቡት።

«ይህ ሰው ለአምስት ዓመት እንዳይዝግ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ» አለ ሻንሲው። «ዛሬ ይሞላል። መርምሩልኝ።»

ዳኛው በትንሽ መዶሻ ጉልበቱን መታ። «ደህና ነው።» ደረቱን መታ። «ያቃስታል፣ ግን ይሄዳል። አፍህን ክፈት።» ምላሱን በሁለት ጣቱ ብድግ አድርጎ ብዙ ጊዜ ተመለከተ።

«እዚህ ጋ ነው» አለ። 

«በዚህ አገር ዝገት ማዕረግ አይደለም እንዴ?» አለ እንዳላማው ምላሱ እንደተያዘ።

«ለብረት ነው። ለሰው ነውር ነው። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ዓመት ሆነው» አለ ሻንሲው፤ አንገቱን ደፋ።

«ከምን መጣ?»

«ካልተነገረ ነገር።»

«ጌታዬ፣ ዝም አይነቅዝም ይባላል እኮ!» አለ እንዳላማው።

«አይነቅዝም» አለ ዳኛው፤ ያዘነ ይመስላል። «አይዝግም ያለህ ማነው? በል፣ ዋስ ጥራ።»

እንዳላማው ዙሪያውን አየ። ስንቱን ጥላ ሰፍቷል፣ ስንቱን ደብር ከፀሐይ አስጥሏል! አንድ በአንድ ስማቸውን ጠራ። ሁሉም ጥላቸውን ፊታቸው ላይ ዘጉ። ቄሱ ብቻ ትንሽ ገለጥ አድርገው «ጎበዝ ሠራተኛ ነው፤ እኛ ግን ከስር አይተነው አናውቅም» አሉ።

ያን ጊዜ ትርንጎ መጣች። ባዶ ጄሪካን ይዛለች፤ ወደ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁሉ እየሸሸ ከጄሪካኗ ውስጥ ይገባል። ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ ነትቧል።

«ለሱ እኔ አለሁ» አለች።

«በምን ታውቂዋለሽ?»

«አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ በምን ታውቂዋለሽ ይባላል? ቤታችን ሲፈርስ እኔን ሲያጽናና ሳምንት ከረመ፤ በስምንተኛው ቀን ጓሮ ዞሮ አለቀሰ። የደበቀኝ ያችን ለቅሶ ብቻ ነው፤ እሷንም አይቻታለሁ። ዋሽቶኝ አያውቅም።»

በተናገረች ቁጥር ከእንዳላማው ጎን አንድ አንድ ቡሎን እየወለቀ መሬት ላይ ይወድቃል። ቄሱ ጎንበስ ብለው እየለቀሙ ጥላቸው ውስጥ ያስቀምጣሉ።

«እንግዲያው ፈርሚ» አለ ዳኛው።

ቀለም አልነበረም። ትርንጎ ወደ ባሏ ቀርባ አውራ ጣቷን ምላሱ ስር ካለው ዝገት ነከረች፤ ቀይ ሆኖ ወጣ። ወደ ወረቀቱ ወሰደችው። እንዳላማው በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም። እንደዚያ ወዷትም አያውቅም። «ትርንጎ፣ ተይ! አትፈርሚ! ውሃው ነው!» ብሎ ሊጮህ ቢሞክር ከአፉ የሚወጣው ቀይ ብናኝ ብቻ ሆነ። ጣቷ ወረቀቱን ሊነካ ሲል ግንባሩ ላይ ጠብ የሚል ነገር ቀዘቀዘውና ነቃ።

ውሃ ነው። ከላይ ይንጠባጠባል። ከንፈሩን ሲልሰው ጨው ጨው አለው።

ከራሱ በላይ ያለውን ብረት ተመለከተ። የቀባው ጥቁር ቀለም የለም። ሦስቱም ብረቶች ንጹሕ ሆነው ታጥበው፣ ዝገታቸው ቀይ ሆኖ አፍጥጦበታል። አጠገቡ ትርንጎ ከነነጠላዋ ተንበርክካለች፤ እጇ ላይ እራፊ፣ ጎኗ ጄሪካን አለ። ከሷ ወዲያ ደግሞ የተወለወለ ጥንድ ጫማ ቆሟል።

«ጉድ እኮ ነው፣ አንተ!» አለችው። «ቅጥራን ይሁን ምን፣ እንዲህ ያለ ጥቁር ነገር ተለድፎበት አገኘሁት። ዛሬ ለእንግዳ እንዲህ ሆኖ ይታያል? ደግነቱ አልደረቀም፤ ፈትጌ አወጣሁት። እንዳልቀሰቅስህ ብዬ በቀስታ ነው ያጠብኩት።»

ጫማዎቹ ተጠጉና አንድ የሠላሳ ዓመት ሰው ቁጢጥ ብሎ ጎንበስ አለ። ጉልበቱ ላይ ቅጽ አስቀምጧል።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ። ከድርጅቱ ነው የመጣሁት። እማማ ሲያጫውቱኝ ነበር። ሻንሲውን ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ በጠበል አጥቤዋለሁ ነው የሚሉኝ።»

«ስልሳ!» አለች ትርንጎ። «የዛሬውን ቁጠርልኝ እንጂ! ስለቴ የሞላው ዛሬ አይደል?» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

መርማሪው ከብረቱ ላይ አንዲት ጠብታ በጣቱ ወስዶ ቀመሰ። ወደ ዝገቱ አየ፤ ወደ ቀለሙ ጣሳም አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እንዳላማው አጎነበሰ።

«ጋሼ፣ እኔ የምጽፈው መኪናው በስሙ የሆነውን ሰው ቃል ነው። እማማ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሊሳሳቱ ይችላሉ። እርስዎ በቧንቧ ውሃ ነው ካሉኝ፣ በቧንቧ ውሃ ብዬ ነው የምጽፈው።»

«ልሳሳት? እኔ?» ትርንጎ ጆሮዋ ደህና ነው። አንገቷን አስግጋ ከስር ባሏን ተመለከተችው። «ንገረው እንጂ፣ እንዳሌ! አንተ እንደሆነ ዋሽተህ አታውቅ።»

እንዳላማው ቤቱን ከስር አየው። ብሩሹ ከእጁ ወድቆ ካርቶኑ ላይ ተጋድሟል። ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ ርሷል። ምላሱን በጥርሱ ነካ አደረገው።

«ልክ ናት» አለ። «ጠበል ነው። ስልሳ ጊዜ።»

መርማሪው ትንሽ ጠበቀው። እንዳላማው ብሩሹን አንሥቶ ጣሳው ውስጥ ከተተው። ሰውየው ተነፈሰና መጻፍ ጀመረ።

«ተባረክ፣ ያሰብከው ይሙላልህ» አለችው ትርንጎ፤ እጇን ጉልበቷ ላይ ተደግፋ እየተነሣች። ጄሪካኑን ስትነቀንቀው ከስሩ ትንሽ ተርፏል። ከአንድ ግራር ማዶ አንዲት ነጭ መኪና ፀሐይ ላይ ታብረቀርቃለች።

«ያቺ ያንተ ናት? አዲስ መሰለችኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነው፣ እማማ» አለ መርማሪው ዓይኑን ከቅጹ ሳያነሣ።

ቀና ሲል ትርንጎ ጄሪካኑን አንጠልጥላ ወደ ነጯ መኪና መንገዱን አጋምሳለች።