ኑኃሚን ልዩነት አላት

በዚህ አገር ሰፈር የሚባል ሁሉ ሦስት ነገር አያጣም፤ የሚያፈስ ቧንቧ፣ እንቅልፍ የሌለው ውሻ፣ ደግሞም ምንም ብትነግሩት የማይስማማ አንድ ሰው። ቧንቧው አንድ ቀን ይጠገን ይሆናል፤ ውሻውም ያረጃል። የማይስማማው ሰው ግን ከዓመት ዓመት ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።

እኛ ሰፈር፣ እዚህ አዳማ፣ ይህን ሹመት የያዘችው ክብርት ኑኃሚን ገላና ናት። ገና ሠላሳ አልሞላትም። የምትሠራው የዘርና የፀረ ተባይ መድኃኒት መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነው። ሽንኩርት አምራቾች ከዓለም ጤና ከተማ ድረስ መጥተው «ያንን መድኃኒት ስጪን» ይሏታል። እሷ ደግሞ «ይቅርታ፣ ልዩነት አለኝ» ትላለች። ሰውዬው ሌላ መድኃኒት ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ሽንኩርቱ ጭራሽ እንዳልታመመ ተረድቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። ባለሱቁ አንድ ጊዜ ሊያሰናብታት አስቦ ነበር አሉ። ተከራከሩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

«ልዩነት አለኝ» የስብሰባ ቃል ነው፤ አዳራሽ ውስጥ፣ እጅ ወጥቶ፣ ዕድል ተሰጥቶ የሚባል። እሷ ግን መንገድ ላይም ትለዋለች። አንድ ቀን ለሰላምታ ያህል «ሙቀቱስ ለጉድ ነው» ብያት ላልፍ ስል፣ «ጋሼ፣ ልዩነት አለኝ። ሙቀቱ የትናንቱ ነበር፤ ዛሬ የከፋው ንፋሱ ነው» ብላ አቆመችኝ። አቧራ እየቃምኩ ስከራከር ቆይቼ፣ በመጨረሻ ንፋሱ መሆኑን አምኜ ወደ ቤቴ ገባሁ። ባጃጅ ነጂው ዓብዱ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብሎ ገና ስትሳፈር «እህቴ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው» ይላታል። «ምንም ሳልናገር እንዴት ልክ ሆንኩ?» ብላ መንገዱን ሙሉ ታደርቀዋለች።

ለወጉ ያህል ሁላችንም እናማርራታለን። እውነቱን ለመናገር ግን ዕድራችንን ያዳነችው እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ መሰለች የሚባሉ ጎረቤት አሉን። ከቀብር ደጋግመው ቀርተዋል ተብሎ ከዕድር ሊሰረዙ ሆነ። ከዕድር መሰረዝ በእሳቸው ዕድሜ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ደንብ ከተባለ ወንድማቸውንም አያውቁም። ደንቡን አንብበው ሲጨርሱ፣ በእናቷ ምትክ ተገኝታ ከኋላ የተቀመጠችው ኑኃሚን ተነሣች።

«ልዩነት አለኝ» አለች። «ደንቡ የወጣው ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳይሆን ነው አይደል? እትዬ መሰለች ጉልበታቸው አላራምድ ቢላቸው መቃብር ድረስ አልሄዱም። ልቅሶ ቤቱን ግን ማን ጠበቀ? ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ባለፈው ከቀብር ሲመለሱ በር ላይ ቆሞ እጅዎን ያስታጠበዎ ማን ነበር?»

ሽማግሌው እጃቸውን አየት አደረጉ። «መሰለች ናት» አሉ።

«ንፍሮውንስ ያቀረበልዎ?»

«እሷው ናት።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛ ዕድር ልቅሶ ቤት የሚጠብቅ ሰው ቀብር እንደዋለ ይቆጠራል። እትዬ መሰለች አለቀሱ። ጋሽ ወልደአማኑኤል በተማሪ ፊት ስህተት እንደተገኘበት መምህር ሆነው መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩ።

ታዲያ በዚህ ዓመት አንድ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ለሕግ ትምህርት፣ ቅዳሜና እሑድ፣ እንደሚቀበል ማስታወቂያ ሲለጥፍ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «ኑኃሚን!» አለ። ልጅቷም ከሕፃንነቷ የምትመኘው ሕግ ነበር። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምደባው ዕፅዋት ሳይንስ ላይ ጣላት፤ ሳትወደው ተማረች፣ በጂፒኤ ሁለት ነጥብ አንድም ተመረቀች። ለነገሩ ግቢ ውስጥ የሠራችው ሌላ ሥራ ነበር። ውጤቱ የተበላሸበት ተማሪ ሁሉ እሷን አስቀድሞ መምህር ቢሮ ይሄዳል፤ ተከራክራ ታስተካክልለታለች። ለራሷ ውጤት ግን አንድ ቀን እንኳ በር አንኳኩታ አታውቅም። እናቷ ወይዘሮ ፀዳለ ይህን ባነሡ ቁጥር «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ይላሉ።

እና ይህች ሰው አልመዘገብም አለች። እኛ «ትችያለሽ» ባልን ቁጥር፣ እንደማትችል እንዲህ ባለ ጥሩ ክርክር ታስረዳናለች። ዓብዱን አሳመነችው። እትዬ መሰለችን አሳመነቻቸው። ምዝገባው ዓርብ ሊያበቃ፣ ሐሙስ ከሰዓት ወይዘሮ ፀዳለ ቤቴ መጡ። «እኔንም ልታሳምነኝ ምንም አልቀራት» አሉኝ። «ማሎ፣ እባክህ፣ ሰው ይዘህ ናልኝ። ልጄ ዕድሜ ልኳን ሰው ስትጨቃጨቅ ልትኖር ነው፤ እንግዲያውስ እንጀራዋ ይሁን።»

ጋሽ ወልደአማኑኤልን ይዤ ሄድኩ። ሻይ ቀረበ። እኔ ጀመርኩ፤ የመግቢያ ፈተና አለ፣ ፈተናው የድሮ ነጥብሽን አይጠይቅም አልኳት።

«ጋሼ፣ ልዩነት አለኝ» አለች፤ ድምጿ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። «ፈተናውን ባልፍ እንኳ ክፍል ውስጥ ሁሉም ከእኔ የተሻለ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ ያመጣሁት ይህን ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስወድቅ እናቴ እንድታይ አልፈልግም።»

አንጀቴን በላችው። ጋሽ ወልደአማኑኤል ስኳሩን ሲያማስሉ ቆይተው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«ልክ ብለሻል» አሉ። «እኔም ሳስበው ሕግ አይሆንሽም። ሁለት ነጥብ አንድ ያመጣ ሰው ሰነፍ ነው። ሰነፍ ደግሞ የሰው ጉዳይ አይሰጠውም።»

ወይዘሮ ፀዳለ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቀሩ። እኔም እኚህን ሰውዬ ማምጣቴን ረገምኩ። ኑኃሚን ቀና አለች።

«ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ይቅርታዎን፤ ልዩነት አለኝ።»

«ተናገሪ።»

«ሰነፍ ያሉት ምን አይተው ነው? ያ ነጥብ የሚናገረው አንዲት ልጅ ያልመረጠችውን ትምህርት እንዴት እንደተማረች ነው። ስለ ሕግ ምንም አይናገርም። ደንብን ከነዓላማው እንየው ብዬ እርስዎ ፊት ተከራክሬ፣ እርስዎም ተቀብለውኝ የለም ወይ? የነጥብ ዓላማ ሰው መቻል አለመቻሉን ማወቅ ነው። መቻሌን ደግሞ ሳልፈተን ማንም አያውቅም፤ እርስዎም።»

«አልተዋጠልኝም» አሉ ሽማግሌው። «ሰነፍ ነሽ።»

«እንግዲያው ነገ ጠዋት ሄጄ እመዘገባለሁ፤ ያኔ ይዋጥልዎታል።»

«እናያለን» ብለው ባርኔጣቸውን አነሡ።

መንገድ ላይ ጋሽ ወልደአማኑኤል «የዕድሩ ዕለት ከረታችኝ ጀምሮ» አሉኝ፣ «ይህች ልጅ በምን እንደምትረታ ሳስብ ነበር።» ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ተመዘገበች፣ ተፈተነች፣ አለፈችም። አሁን ቅዳሜና እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ትምህርት ላይ ናት። ሰፈሩም ሰላም አገኘ።

ባለፈው ቅዳሜ ይህን ሰላም ላጣጥም ብዬ ባጃጅ ተራው ጋ ቆምኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሆን ብዬ «ዛሬስ እንዴት ያለ ብርድ ነው» አልኩ። ሰዉ ጨዋ ነው። «እውነትዎን ነው ጋሼ» አለኝ አንዱ፤ ሌላው ራሱን ነቀነቀ። የሚቃወመኝ ጠፋ። ሆዴ ባባ።

ወደ ማታ ዓብዱ ከትምህርት ይዟት ሲመጣ እዚያው ነበርኩ። እግሯ መሬት ሳይረግጥ «ኑኃሚን፣ የዛሬው ብርድ ጉድ ነው እኮ» አልኳት። ዓይኗ ከድካም ቀልቷል። የመጻሕፍት ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ቆመችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጋሼ» አለች፣ «ልዩነት አለኝ።»

ቦርሳዋን ተቀበልኳትና እየተከራከርን እስከ በሯ ሸኘኋት።