ጋሽ ታደሰ የመረጡት ካርድ

የባንክ ካርድ መራጭ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ ዱባይ ሊሄዱ ሲሉ፣ ከጉርድ ሾላ እስከ ሲ.ኤም.ሲ ያልገቡበት ባንክ የለም። የትኛው ካርድ ውጭ አገር ይሠራል፣ የቱስ ኮሚሽን ይበዛበታል? ሚስት ሲያገቡ እንኳ እንዲህ ያጣሩ አይመስለኝም! በመጨረሻ ምርጡን አገኙና እሱን ተማምነው ዶላር ሳይዙ ሄዱ። የሚስጥር ቁጥሩን ግን «እኔ እረሳዋለሁ፣ አንቺ ያዢልኝ» ብለው ለሚስታቸው ሰጥተዋል።

ዱባይ የገንዘብ ማውጫ ማሽን ፊት ቆመው ቁጥሩን ሊጠይቁ ለሚስታቸው ደወሉ። ስልኩ ዝግ ነው። ለካስ እትዬ አልማዝ ለባላቸው መንገድ ሊጸልዩ ስልካቸውን ዘግተው እንጦጦ ጸበል ገብተዋል! ጋሽዬ ከቤት በቋጠሩት በሶ ሰነበቱ።

ሲመለሱ «ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው የጸለይሽው?» ብለው ጮኹ።

«ገንዘቡን ሳያባክን በሰላም መልስልኝ ብዬ ነዋ!»