ያልተመለሰው ሙክት

በጨረታ ገዝቶ «መልሼ ሰጥቻለሁ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ደብረ ማርቆስ ሞልቷል። እኔ ያለሁበት ማኅበር ለአረጋውያን መጠለያ ገቢ ሲያሰባስብ አንድ ሙክት ለጨረታ ያቀርባል። አሸናፊው ይከፍልና ኮቱን ቆልፎ «ለማኅበሩ መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል። ይጨበጨባል፤ ሙክቱም እንደገና ይሸጣል። በየዓመቱ ያው ሙክት ስለሆነ፣ ጭብጨባ ሲሰማ ራሱ ወደ መድረኩ መውጣት ጀምሮ ነበር።

ዘንድሮ ከሮብ ገበያ የመጡ አንድ ገበሬ አሸነፉ። ከፈሉ፤ አጨበጨብን። እሳቸው ግን ገመዱን ፈትተው ሙክቱን ወደ በሩ መጎተት ጀመሩ።

«አባቴ፣ ወዴት ሊወስዱት ነው?» አለ ሰብሳቢያችን ደንግጦ።

«ወደ ቤቴ ነዋ። ገዛሁት አይደል እንዴ?»

ሙክቱን እየጎተቱ ወጡ። እንዲህ ያለ ነገር ማን ጠብቆ?

ኮሚቴው እስካሁን ስብሰባ ላይ ነው። የመጠለያው ቆርቆሮ ተገዝቷል፤ የቸገረን ተሸጦ የማይሄድ ሙክት ማግኘት ነው።