ደምን እንደ ሞተር ዘይት መድፋት

ስኳር ይለጠፋል። ሻይ የተደፋበት ጠረጴዛ ላይ ክንዱን ያሳረፈ ሰው ያውቀዋል። ደም ላይም እንደሚለጠፍ የሰማሁት ግን የሚስቴን አጎት፣ ወሰን ሰፈር ጋራዥ ያላቸውን ጋሽ ዘሪሁንን፣ ላብራቶሪ ስወስድ ነው።

ጋሽ ዘሪሁን ስኳር አለባቸው፤ ኬክም ይወዳሉ። በዚህ ዓለም የሚፈሩት መርፌ ብቻ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ስኳሩ ካልወረደ ኢንሱሊን በመርፌ ይጀምራሉ ብሏቸዋል። ስለዚህ ቀጠሮ ሲደርስ እንጦጦ ማርያም ወጥተው ሱባኤ ይገባሉ። ጠበልና ሽምብራ። ወርደው በባዶ ሆድ ሲመረመሩ ደማቸው የሕፃን ደም ነው። ከዚያ ቀጥታ ኬክ ቤት።

አንድ ቀን አዲስ ምርመራ መጣ። የላብራቶሪዋ ልጅ እንዳስረዳችን፣ ቀይ ደም ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ስኳር አንዴ ከተለጠፈበት የደሙ ሕዋስ እስኪሞት አይለቅም። መሣሪያው የተለጠፈበትን ካልተለጠፈበት ይለያል። ያለፈው ሦስት ወር ሁሉ ይታያል። ጋሽ ዘሪሁን ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደሜንም አንድ ለአምስት አደራጃችሁት?»

ልጅቷ አልሳቀችም። ጎረቤት ጎረቤቱን በአንድ ለአምስት በሚጠቁምበት በዚያ ጊዜ በዚህ ማን ይስቃል? እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ ንስሐ ገብቻለሁ፣ አምላክ ይቅር ያለውን ደሜ እንዴት ቂም ይይዝበታል አሉ። ውጤቱ መጥፎ ነበር። ሐኪሙ አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ ሰጣቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ኬኩን ይተዋል። እሳቸው ግን መካኒክ ናቸው። የቆሸሸ ዘይት አይመከርም፣ ይደፋል ብለው ከእንጦጦ ጀርባ ዋግምት የሚሠሩ ሽማግሌ ጋ ሄዱ። ጀርባቸውን በምላጭ አስበጥተው፣ ጠቋሚውን ደም በቀንድ አስመጠጡ። ደጋግመው። አሮጌው ሲሄድ ሰውነት ገና ስኳር ያልነካው ደም ይሠራላ! የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ሠራ። ቁጥሩ ወረደ።

ልጅቷ ግን ፊታቸውን አየች፤ ነጥቷል። ደም ያነሰው ሰው ላይ ይህ ምርመራ ይሳሳታል አለች። አልቡሚን የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ፣ ከቀይ የደም ሕዋስ ውጭ የሚኖር፤ ስኳር እሱም ላይ ይለጠፋል፣ የቅርብ ሳምንታትንም ያስታውሳል። ምርመራው እዚህ አገር አይሠራምና ናሙናው ውጭ አገር ተላከ። የእኛ ሰው የልቡን የሚናገረው ውጭ ሲወጣ አይደል? አልቡሚንም ሁሉን ተናገረ።

መርፌው ታዘዘ። ነርሷ ልትወጋቸው ሸሚዛቸውን ብታስወልቃቸው ጀርባቸው ላይ ያንን ሁሉ ብጣት አየች። ይህን ምላጭ የቻለ ሰው ፀጉር ለምታህል መርፌ ይንቀጠቀጣል እንዴ አለቻቸው።

«ምላጩን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «መርፌውን ያዘዘብኝ ግን የገዛ ደሜ ነው።»