ሁለት ግራ ጎን ያለው ዝሆን

ያን ቀን ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ሳያባራ ሲወርድ ስለዋለ አንድም ደንበኛ የስፌት ቤቱን ደጃፍ አልረገጠም። ውሃው በበሩ ስር እየሰረገ ሲያስቸግረኝ አሮጌ ጨርቅ ወተፍኩበትና የሰው ሱሪ ማሳጠሬን ቀጠልኩ። እንዲህ ጭር ያለ ቀን ደስ ይለኛል። እግሬ ማሽኑን ይረግጣል፣ እጄ ጨርቁን ይገፋል፣ ልቤ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ልክ ማረፍ ሲጀምር በሩ ብርግድ አለና መጀመሪያ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላ፣ ከጃንጥላው ስር ደግሞ "እትዬ ለምን" የምንላቸው ሴትዮ ገቡ።

የትም ሰፈር ሂዱ፣ አንድ ጠያቂ አይጠፋም። መብራት የሌለው ሰፈር አይቻለሁ፣ ውሃ የሌለው ሰፈርም አይቻለሁ። ጠያቂ የሌለው ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። "ደህና ነኝ" ሲሉት "ተመስገን" ብሎ እንደማለፍ "እንዴት ደህና ልትሆኚ ቻልሽ?" ብሎ የሚቆም ሰው ነው። ከሩቅ ሲመጣ ሰው ሁሉ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ለእኛ ሰፈር የተመደቡት ክብርት እትዬ ለምን ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነበር፤ አሁን የሚያስታውሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው፣ በትንሽዬ መስኮት አሾልከው እያዩ፣ "ስም? ዕድሜ? ለምን መጡ?" ሲሉ ነው የኖሩት። ጡረታ ሲወጡ መስኮቱን ለመሥሪያ ቤቱ አስረክበው ጥያቄውን ይዘው ወጡ።

"አሻንጉሊት መስፋት አስተምሪኝ" አሉ፣ ጃንጥላቸውን ተተኩሶ የታጠፈ ልብስ ላይ እያራገፉ።

"እርስዎ?"

"ምነው፣ እጅ የለኝም?"

"መርፌ ይዘው ያውቃሉ ወይ ብዬ ነው።"

"አንድ ጊዜ ቁልፍ ተክያለሁ። በማግስቱ ወደቀ።"

ከፌስታላቸው ውስጥ ጠርዙ የተበላ ግራጫ ብርድ ልብስ አወጡ፤ ጸጉሩ ገና ያልረገፈ፣ ለስላሳ ነው። ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። የሦስት ዓመት የልጅ ልጅ አለቻቸው፤ ከእናቷ ጋር ከተማው ማዶ ነው የምትኖረው። አምና ልትጠይቃቸው መጥታ ገና ከበር ሳታልፍ ሮጣ ጠረጴዛ ስር ገባች። ሁለት ቀን እዚያው ነው የበላችው።

"ምን አድርገዋት ነው?"

"ምን አደርጋታለሁ! ስምሽ ማነው አልኳት፣ ዕድሜሽ ስንት ነው አልኳት፣ ለምን ታለቅሻለሽ አልኳት። በቃ።"

"ካርድ አወጡላት በሉኛ!" አለ ባለ ካውያው ከመጋረጃው ጀርባ። እሱ ያን መጋረጃ ከልሎ ልብስ ይተኩሳል፤ ጆሮው ግን ሁልጊዜ እኛ ጋ ነው።

እትዬ ለምን አልሳቁም። "ከአራት ሳምንት በኋላ ትመጣለች" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ልጄ፣ 'እማዬ፣ ልጅቷ ትፈራሻለች እኮ' ብላኛለች። ዘንድሮም ጠረጴዛ ስር ከገባችብኝ ሁለተኛ አታመጣትም። በእጄ የሠራሁት ነገር ብይዝላት ምናልባት ትቀርበኝ ይሆናል። ዝሆን ይሁን።"

"ለምን ዝሆን?" አልኩ ሳላስበው።

ፊታቸው በራ። "አየሽ! አንቺም ትችያለሽ።"

እንዲህ ተጀመረ፤ የእኔም ዕረፍት እንዲህ አበቃ። በየማለዳው ቁልፉን ከበሩ ሳላወጣ ከኋላዬ ቆመው አገኛቸዋለሁ። ክሩ ለምን ይቋጠራል? ለምን ጫፉ ላይ? ለምን በድርብ አንሰፋም? እስፒሉ ለምን በአግድም ይሰካል? የኔ መልስ አንድ ነበር፤ "እንዲህ ነው የሚደረገው።" እሳቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩኝና "እሱ መልስ አይደለም፣ ትእዛዝ ነው" ይሉኛል።

እውነታቸውን ነው። ከትምህርት የወጣሁት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው። ለምን እንደወጣሁ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። ስፌት ያስተማሩኝ ሰውዬ ጣት በማስመሪያ የሚመቱ ነበሩ። በሁለተኛው ቀን "ለምን?" አልኩ። በሦስተኛው ቀን አላልኩም። ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ እጄ ያውቃል፣ እኔ ግን እጄን ጠይቄው አላውቅም።

ለማንኛውም፣ ዝሆኑን በካርቶን ነደፍን፤ ከነኩምቢው፣ ከነጀርባው፣ ከነእግሩ። "አንዱን ቁራጭ ከቆረጡ በኋላ ለሁለተኛው ካርቶኑን ይገልብጡት" ብያቸው የደንበኛ ኮት ልለካ ዞር አልኩ። ስመለስ ሁለቱም ተቆርጠዋል። ልቅም ያለ አቆራረጥ፣ አንዲት ክር አላፈነገጠችም። ጸጉሩን ከጸጉር ገጥመን ስናየው ግን የአንዱ ኩምቢ ወደ በሩ፣ የሌላው ወደ መስኮቱ ያያል።

"ካርቶኑን አልገለበጡም?"

"ለምን እገለብጠዋለሁ? ዝሆኑ ያው አንድ ዝሆን አይደል?"

ባለ ካውያው አንገቱን በመጋረጃው ብቅ አደረገ። "እትዬ፣ ይሄ እኮ ሁለት ግራ ጎን ያለው ዝሆን ነው! ቀኝ መታጠፍ አይችልም፤ ከቤት ከወጣ ዙሪያውን ሲዞር ይውላል።"

"አንተ ልብስህ እንዳይቃጠል" አሉት። ከዚያ ሁለት መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አነሡና አንዴ ጀርባውን፣ አንዴ ውስጡን እያገላበጡ ለረጅም ጊዜ አዩት። "እንዴ!" አሉ። "ስድሳ ስድስት ዓመት ሁለት እጅ ይዤ ስኖር፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ መሆኑን ዛሬ ገና ልብ አልኩ።" ያን ቀን ከስፌት ቤቱ ሲወጡም መዳፋቸውን እያዩ ስለነበር ደረጃው ሊጥላቸው ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ ቀኙን ጎን እንደገና ልንቆርጥ ስንል የጸጉሩ ነገር መጣ። "ጸጉሩ ወደ ታች የተኛ መሆን አለበት" አልኳቸው። "ለምን?" አሉኝ። የተለመደውን መልሴን ሰጠኋቸው። እጄን ያዙና ብርድ ልብሱ ላይ አድርገው ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ላይ አስዳበሱኝ። ከዚያ መስኮቱ ጋ ወስደው በብርሃን አሳዩኝ፤ ጸጉሩ ወደ ታች ሲተኛ ነጣ ይላል፣ ወደ ላይ ሲነሣ ይጠቁራል። ሃያ ስድስት ዓመት "ወደ ታች ቁረጪ" ስለተባልኩ ስቆርጥ ኖሬ፣ አንዱ ጨርቅ ሁለት መልክ እንዳለው የነገረኝ አልነበረም። ደስ አለኝ ልበል ወይስ ተናደድኩ፣ እስካሁን አልለየሁም።

እትዬ ለምን ደግሞ ያለ ካርድ መሥራት አይሆንላቸውም። ለዝሆኑ በወረቀት ላይ መስመር አስምረው ካርድ አወጡለት፣ በየቀኑም ይሞሉታል። "ስም፦ ገና አልወጣለትም። ዕድሜ፦ አምስት ቀን። የመጣበት ምክንያት፦ ሁለት ግራ ጎን።" ሁለተኛው ሳምንት ላይ የተጻፈው ግን የባሰ ነበር። ጨርቁ ተገልብጦ በውስጥ በኩል የሚሰፋው ስፌቱ እንዲደበቅ መሆኑን ነግሬያቸው በጣም ተደስተው ነበር። ከደስታቸው ብዛት ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ጉንዳን እግር የደቀቀ ስፌት እየሰፉ ዙሪያውን ጨርሰው መጡ። ዙሪያውን ስል፣ ዙሪያውን በሙሉ ነው። ለመገልበጫ፣ ጥጥ ለመጨመሪያ የሚሆን አንዲት ጣት የምታህል ቀዳዳ አልተዉም።

"እትዬ፣ አሁን ይሄ ዝሆን በየት በኩል ነው የሚወጣው?"

አገላብጠው አዩት። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አወጡና "የመጣበት ምክንያት፦ መውጫ የለውም" ብለው ጻፉ። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅሳል፣ ወይ ወርውሮት ይሄዳል። እሳቸው ሆዱ ስር አራት ጣት ያህል ተርትረው፣ በዚያች ቀዳዳ ኩምቢው በሹራብ መርፌ ጫፍ እየተገፋ ቀስ በቀስ ሲወጣ ትንፋሻቸውን ውጠው ተመለከቱ። ብቅ ሲል አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ መሰለኝ።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው "ለምን" ሳይሉ የቀሩት። ለዓይኑ ቁልፍ እንትከል ሲሉኝ፣ "ልጅቷ ሦስት ዓመቷ አይደል? በክር እንጥለፈው" አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ። "በመስኮቴ በኩል ቁልፍ የዋጠ ልጅ ታቅፈው የመጡ እናቶች አይቻለሁ" አሉና ጥቁሩን ክር ራሳቸው መረጡ።

ሲያልቅ ዝሆኑ ዝሆን ነው ለማለት ይከብዳል። ሆዱ ላይ ጥጥ በዝቶበት፣ ኩምቢው ወደ ላይ ቀንቶ፣ አንድ ጆሮው እንደ እጀታ ተጠምዝዞ ነበር። ባለ ካውያው "ማንቆርቆሪያ ነው? ሻይ ልጣድ?" ስላላቸው ሳምንቱን ሙሉ አላናገሩትም።

ልጅቷ የምትመጣበት ቀን ሲደርስ እትዬ ለምን ስፌት ቤት መጡ። ዝሆኑን በፌስታል ይዘውታል። "ብቻዬን አልሆንም፣ አብረሽኝ ነይ።" ማሽኑን ሸፈንኩና ቤታቸው ድረስ ተከተልኳቸው። ሥራ ፈት ሆኜ አይደለም፤ የማሳጥረው ስድስት ሱሪ ነበረኝ።

ልጅቷ እንደገባች አያቷን አየችና፣ ሳትጮህ ሳትቸኩል፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ጠረጴዛ ስር ገባች። እናቷ እትዬ ለምንን አየቻቸው፤ "አላልኩም?" የሚል አስተያየት ነበር። እትዬ ለምን አፋቸውን ከፈቱ። ሠላሳ አንድ ዓመት የተለማመደው "ስምሽ ማነው" ከንፈራቸው ላይ ሲደርስ በዓይኔ አየሁት። ዋጡት። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ዝሆኑን ከጠረጴዛው እግር አጠገብ አስቀመጡና ዝም አሉ። እትዬ ለምን፣ ዝም!

ምንም የሆነ ነገር የለም። ከዚያ ትንሽ እጅ ወጥታ ዝሆኑን በኩምቢው ጎተተች። በጠረጴዛው ልብስ ስር ጥፍር ጨርቅ ስትቧጥጥ ይሰማል። ልጅቷ የሆዱን ስፌት አግኝታዋለች።

"እዚህ ምን አለ?" አለች ቀጭን ድምፅ።

"ጥጥ" አሉ እትዬ ለምን።

"ውሸት።"

"አይደለም። ልክፈትልሽ?"

ደነገጥኩ። "እትዬ! አራት ሳምንት የለፋንበት!" አልኩ።

"መቀሱን አቀብይኝ" አሉኝ፣ እጃቸውን ብቻ ወደ ኋላ ዘርግተው። ከኪሴ አውጥቼ አቀበልኳቸው፤ ምን ላድርግ። ከዚያ ስድሳ ስድስት ዓመታቸውን ይዘው በደረታቸው ተስበው ጠረጴዛ ስር ገቡ። ከውጭ የሚታየው የእግራቸው ጫማ ብቻ ነበር። ክር ሲተረተር ሰማሁ፣ ቀጥሎ የልጅ ሳቅ፣ ቀጥሎ ጥጥ እየበረረ ወደ ወለሉ ይወጣ ጀመር። እናትዮዋ ምሳ አቀረበች፤ ሁለቱም እዚያው በሉ።

እኔ እትዬ ለምን አሰልችተውኛል ስል ነው የኖርኩት፤ ባለ ካውያው ምስክሬ ነው። አሁን ግን በምሳ ሰዓት ከቁርጥራጭ ጨርቅ ቀጭኔ እየሰፋሁ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ረጅም አንገት ሳይታጠፍ በምን ተሞልቶ እንደሚቆም ማወቅ ስለፈለግሁ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ወድቋል። ጥጡን ባጠብቀው ስፌቱ ይፈነዳል፣ ባላላው ይዘነበላል፤ ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ሲጠፋ ራሴን እጠይቃለሁ።

ልጅቷ አልለይም ስላለች እትዬ ለምን ዛሬ ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ከተማው ማዶ ይኖራሉ። ማክሰኞና ዓርብ እሳቸውና ልጅቷ በአውቶቡስ ይመጡና ከማሽኔ አጠገብ ተቀምጠው ይሰፋሉ።