አይቅናህ የሚባለው አናጢ

ዋንዛ በር በምትባል ከተማ፣ ከጤና ጣቢያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የሬሳ ሣጥን መሥሪያ ቤት ነበረ። ባለቤቱ ይመኑ ይባላል፤ ከተማው ጋሽ ይመኑ ይለዋል። አብሮት የሚሠራው ላቀው የሚባል አናጢ ነው። ትልልቆቹ ሣጥኖች ከውስጥ ይደረደራሉ። ትንንሾቹ፣ የሕፃናቱ፣ ነጭ ቀለም ተቀብተው በር ላይ ይቆማሉ። የሚፈለጉት በድንገት ስለሆነ አስቀድመው ተሠርተው ነው የሚጠብቁት።

በሥራ ላይ ያለን ሰው «ይቅናህ» ብሎ ማለፍ ደንብ ነው። ለገበሬ ይባላል፣ ለሸማኔ ይባላል፣ ለነጋዴም ይባላል። ለሣጥን ሠሪ ግን ምን ይባላል? ዝም ብሎ ማለፍ ንቀት ነው። ይቅናህ ማለት ደግሞ በራስና በጎረቤት ላይ መፍረድ ነው። ስለዚህ የዋንዛ በር ሰው የራሱን ደንብ አበጀ። በደጁ ሲያልፍ ቆም ይልና «አይቅናህ፣ ጋሽ ይመኑ» ይላል። ይመኑም መጋዙን ያቆምና ቀና ብሎ «አሜን» ይላል።

ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ይህን ሲሰማ ይደነግጥ ነበር። ከሚያውቁት መካከልም አሜኑን እንደ ጨዋታ የሚቆጥሩት ነበሩ። ጨዋታ አልነበረም።

ይመኑ ሚስት ነበረችው። ምጥ ጠንቶባት ሞተች፤ ልጁም አብሯት ሞተ። ሣጥናቸውን ራሱ ሠራ፣ አንዱን ረጅም፣ አንዱን አጭር። ላቀው መዶሻውን ልቀበልህ ቢለው አልሰጠውም። ከቀብር መልስ ይህን ሥራ ይተዋል ብሎ ሰው ጠበቀ። አልተወም። የተወው ትርፉን ነው። ከዚያ ወዲህ እሱም ላቀውም እኩል ደመወዝ ይወስዳሉ። ለጣውላና ለምስማር የሚሆነው ይነሣል። የቀረው አንድም ሳይጎድል ከጤና ጣቢያው ጓሮ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ይሄዳል። ማቆያው ከሩቅ ገጠር የሚመጡ እርጉዞች ቀናቸው እስኪደርስ የሚቀመጡበት ቤት ነው። እህሉ፣ ማገዶው፣ ምጥ የጠናባትን ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና ኪራይ፣ ሁሉም የሚወጣው ከሣጥኑ ነው።

«የሞተው ያልተወለደውን ይቀልባል» ይል ነበር ላቀው። ይህን ሲል ይሳቅ ይዘን አይታወቅም።

ማቆያው ሥራውን ሠራ። ይህን ማንም ሰው ከመናገሩ በፊት በሩ ላይ የቆሙት ትንንሾቹ ሣጥኖች ተናገሩ። የሚፈልጋቸው ጠፍቶ እዚያው ቆመው ሰነበቱ። ሦስት አራት ክረምት ሲያልፍም እዚያው ነበሩ። ነጩን ቀለም ፀሐይ መታው። ይመኑ ጠዋት ጠዋት አቧራቸውን ይጠርጋል። ሲጠርግ ላየው ሰው፣ ፊቱ ዕቃ አልሸጥ ያለው ነጋዴ ፊት አይደለም።

አንድ ቀን አዋላጇ ሲስተር ውድነሽ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«አይቅናህ ጋሼ።»

«አሜን።»

«እህሉ አልቋል» አለች።

ላቀው ከውስጥ ሰማት። «ጥፋቱ ያንቺ ነው ሲስተር! አንቺ ሥራሽን ስታሳምሪ የኛ ይበላሻል።»

«እሰይ! ድሮስ ምን ብዬ ልሥራ?»

«የኛ ሲበላሽ ደግሞ ያንቺዎቹ ይራባሉ። በይ እንግዲህ ፍቺው።»

ሲስተር አልሳቀችም። «ከእንግዲህ የሚመጡትን ከበር ልመልሳቸው ነው» አለች። «የተመለሰች ሴት መንገድ ላይ ነው የምትወልደው። ያን ጊዜ ገበያችሁ ይመለሳል።»

ይህን ብላ ሄደች። ይመኑ መላጊያውን አንሥቶ የተላገውን ጣውላ እንደገና ላገው።

ጣውላ የሚያመጡላቸው አቶ ፈንታሁን የሚባሉ ነጋዴ ናቸው። የከተማውን ልማድ ያውቁታል፤ አይወዱትም። ገበያ ይረገማል እንዴ ይላሉ። በዚያው ሰሞን መጡ።

«ገበያ ይቅናችሁ!» አሉ ሲገቡ።

«በርስዎ ይጀምርልን» አለ ላቀው።

አቶ ፈንታሁን አልሰሙም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ዙሪያውን አዩ። «ትርፉ የታል? ይህን ያህል ዘመን ሠራህ ይመኑ። እስቲ ትርፍህን አሳየኝ።»

«እዚህ የለም» አለ ይመኑ።

«የሌለውማ ስለማታውቅበት ነው። እኔ ላሳይህ። ውስጡን ከፈይ አልብሰው። መያዣውን ወርቅ ቀለም አድርገው። ከላይ መስታወት። ሐዘንተኛ ዋጋ አይከራከርም፤ ያፍራል። ጎረቤት ቆሞ እያየው ርካሹን ስጡኝ አይልም።»

«በሬውን ሸጦ ይከፍላል።»

«ይክፈላ! ለራስህ አይደለም፣ ለጽድቅ ነው። እናቶቹ እስከ በሉ ድረስ ከየት መጣ ብሎ ማን ይጠይቅሃል?»

ይመኑ እንጨቱን አስቀመጠ። «ባሏን በከፈይ ልትቀብር በሬዋን የሸጠች ሴት ልጆቿን በምን ታበላለች? በዚያ በኩል ያወጣናቸውን በዚህ በኩል መልሰን ልንከታቸው ነው።»

«እንግዲያው ዝጋው!»

«ቢዘጋማ ደስ ባለኝ። እንዲዘጋ ነው አሜን ስል የኖርሁት። የፈራሁት ማቆያውን ይዞ እንዳይዘጋ ነው።»

አቶ ፈንታሁን ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ያለ ነጋዴ አይተው አያውቁም። አይፈረድባቸውም። ሰው ሲወድቅ የሚቆም ሥራ በዓለም ላይ ብዙ ነው፤ ሣጥን መሥራት ከነዚያ ሁሉ ትንሹ ነው። ትልልቆቹን የያዙት ሰዎች ይቅናችሁ ሲባሉ አሜን ይላሉ። ደጃቸውም ይቅናችሁ የሚል አላፊ አግዳሚ አጥቶ አያውቅም።

ሲስተር ውድነሽ ዳግመኛ ስትመጣ ተቆጥታ ነበር። የተቆጣችው ግን በሌላ ነገር ነው።

«በአዲሱ የሕፃናት ትምህርት ቤት በኩል አለፍሁ» አለች። «ልጆቹ እኔው በእጄ ያዋለድኋቸው ናቸው። መሬት ላይ ተኮልኩለዋል! ልጅ በዛብን ይላሉ፣ ወንበር የለም ይላሉ። ወላጅ ለየልጁ ወንበር ገዝቶ ያምጣ ተብሏል። ከየት ይገዛል?»

«መሬት ላይ?» አለ ይመኑ።

«መሬት ላይ።»

«መሬት ላይማ አይሆንም።»

ይህን ያለው ቶሎ ነው፤ ቶሎ የሚናገር ሰው አልነበረም። ከዚያ ዞሮ በሩ ላይ የቆሙትን አየ። ላቀውም አያቸው።

«ጋሼ» አለ ላቀው። «እሱን እንኳ ተወው። ሰው ይወግረናል።»

ይመኑ አንዱን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። ምስማሩን እየነቀለ በጣሳ ሰበሰበ። ነጩን ቀለም ላገው፤ ከሥሩ የዋንዛው ጣውላ መልክ ወጣ። የሣጥኑ ጎን ለመደገፊያ ልክ መጣ። ክዳኑ መቀመጫ ሆነ። የተጨመረበት ጣውላ የለም፣ የተረፈም የለም። ሣጥኑም ወንበሩም የሚለኩት በልጅ ነውና።

ወንበሮቹን ሣጥኖቹ በነበሩበት ቦታ፣ በር ላይ ደረደራቸው።

ላቀው የፈራው በሌላ መልክ መጣ። የወገረ የለም፤ የገዛም የለም። «ያ ጣውላ ለምን እንደተቆረጠ እናውቃለን» አሉ ሴቶቹ። ልጆች ወደ ወንበሮቹ ሲሮጡ እናቶች እየጎተቱ ወሰዷቸው። የከፋው ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጁ የሚያልፍ ሰው የሚለው ጠፋው። ወንበር ለሚሸጥ አይቅናህ አይባልም። ሣጥን ለሚሸጥ ይቅናህ አይባልም። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ዝም ብሎ ያልፍ ጀመር። ይመኑ ኮቴ ሲሰማ መጋዙን ያቆማል፤ ቀና ይላል፤ የሚለው ሰው ስለሌለ ተመልሶ ይጎነበሳል። ማቆያው በብድር ዱቄት ይጋገርበት ነበር፤ እሱም ሊያልቅ ነው።

በገበያ ቀን አቶ ፈንታሁን መጡ፤ ወንበሮቹን ገለባብጠው አዩ። «ሥራውስ ደህና ነው። ቀለም ቀባልኝ። ከሌላ አገር የመጣ ነው ብዬ እኔ ልሽጥልህ።»

«አይደበቅም» አለ ይመኑ።

«የሬሳ ጣውላ መሆኑን እየነገርህ ነው የምትሸጠው?»

«የሬሳ አይደለም። ማንም አልተኛበትም። እኔ የምሸጠውም ይህንኑ ነው።»

በዚህ መሐል እናኑ ከገበያ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። እናኑን ዋንዛ በር በሙሉ ያውቃታል። ከነዚያ ትንንሽ ሣጥኖች ሁለት ገዝታለች፣ በተከታታይ። ለሦስተኛው ማቆያው ገብታ ተቀመጠች። ከኋላዋ የመጡት ሴቶች እሷ ስትቆም አብረው ቆሙ።

እናኑ የአንዱን ወንበር መደገፊያ በመዳፏ ዳሰሰች። «እዚህ የቆሙት ናቸው?»

«እነሱው ናቸው» አለ ይመኑ።

«እኔ ማቆያው ስገባ በዚህ አልፌያለሁ። እንዳላያቸው ፊቴን አዙሬ ነው ያለፍሁት። ያን ጊዜ የሠራኸው የቱ ነው?»

ላቀው መሬት መሬት አየ። ይመኑ ግን አልዋሸም። ሄዶ ከጥግ ያለውን አንዱን ወንበር አወጣና ፊቷ አኖረው። ያን ሰሞን ሲሠራው እጁ ከብዶት ስለነበር አልጠፋውም።

እናኑ ጎንበስ አለች። ወንበሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ መንገዱ ዞራ ተጣራች።

«ትርፌ! ነይ እስቲ።»

አቶ ፈንታሁን ዞር ብለው አዩ። አንዲት ሕፃን ከሴቶቹ ቀሚስ መሐል ሾልካ መጣች። በእጇ የተገመጠ ሸንኮራ ይዛለች።

«ተቀመጪልኝ እስቲ» አለች እናኑ።

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ወጣች፤ ተደገፈች፤ ሸንኮራዋን ማኘክ ቀጠለች። ከሴቶቹ አንዷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ወንበሩም ወንበር ነው፣ ልጅቷም ልጅ ናት።

እናኑ ገንዘቡን ከመቀነቷ ፈታች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ይቅናህ፣ ጋሽ ይመኑ» አለች።

ይመኑ አፉን ከፈተ። አሜን ለማለት ይህን ያህል ተቸግሮ አያውቅም። ሲያወጣው ድምፁ እንደ አዲስ መጋዝ ጎረበጠ።

«አሜን።»

ከቆሙት ሴቶች አንዷ ጠጋ አለችና ወንበር አነሣች። ሌላዋ «ለኔ ሰፋ ያለውን፣ የኔ ልጅ ወፍራም ነው» አለች። አቶ ፈንታሁን የተሸጡትን በዓይናቸው መቁጠር ጀመሩ።

«አይድከሙ ጌታዬ» አለ ላቀው። «የሞተ የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው። እነዚህ ዛሬ ወንበር ይገዛሉ። ነገ ጠረጴዛ፣ ከዚያ የሠርግ አልጋ፣ ከዚያ የቤት በር። ጣውላ ያምጡልን።» ሽርጡን ፈትቶ ወረወረው። «ጋሼ፣ እኔ ጤና ጣቢያ ደርሼ መጣሁ። ማንንም ከበር እንዳትመልስ ለሲስተር ልንገራት።» እየሮጠ ሄደ።

ይመኑ ልጅቷ ፊት ቁጢጥ ብሎ ሥራውን አየ። የአናጢ ዓይን ነውና ጉድለት ፈለገ፤ አገኘም። የትርፌ እግሮች ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ።

«ከፍ ብሏል» አለ። «እግሯ መሬት አልደረሰም። ከሥሩ ቆረጥ ላድርገው?»

«ተወው ጋሼ» አለች እናኑ። «መሬት ለመድረስ ምን አስቸኮላት?»